ስለ አካል ስምምነትና ስለ ሐኪም ትሕትና

ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት ሲጠያየቁት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ አንድን ነገር ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው የመረመረ ሰው ያን ነገር በሙሉው ዐወቀው ሊባል ይገባልን? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሥራ ፈቶች ክርክር አድርጎ የሚቈጥር ሰው አይታጣም። ዳሩ ግን ነገሩ ወደ ሰው አካልና ወደ ሕክምና ሲመጣ ክርክርነቱ ይቀርና የሕይወትና የሞት ጕዳይ ይሆናል። ሐኪም እጁን የሚያሳርፈው በአንድ ክፍል ላይ ነው፤ የሚድነው ወይም የሚሞተው ግን ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ሰውዬው በሙሉው ነውና።

እንግዲህ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው። ከፊሉን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሁሉ ላይ ሊያዝ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ልኩ እስከ ወዴት ነው? ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ያድርግ።

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ መምህራን የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፥ ማለት ከመሬት ከውሃ ከነፋስና ከእሳት፥ እንደ ተዋቀረ ያስተምራሉ። እነዚህም አራቱ በጠባያቸው አይስማሙም፤ ውሃ እሳትን ያጠፋል፥ እሳትም ውሃን ያደርቃል፥ ነፋስም ዐፈርን ይበትናል። በሕያው ሰው ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ተቻችለው ይኖራሉ። በግሪክም አገር ከሂፖክራጥስ ወገን የነበሩ ሐኪሞች ሰው ደም፥ አክታ፥ ቢጫ ሐሞትና ጥቍር ሐሞት የተባሉ አራት ፈሳሾች እንዳሉትና ጤና ማለት የእነዚህ መመጣጠን እንደ ሆነ ጽፈዋል። የዛሬው የአካል ጥናት ክፍሎቹን የሚቈጥርበት መንገድ ሌላ ነው፤ በአራቱ ፋንታ እጅግ ብዙ የሆኑ ረቂቅ ነገሮችን አግኝቷልና። ነገር ግን ከጥንቱ አሳብ አንዱ ፍሬ አልወደቀም። ጤና የአንድ ክፍል ስም አይደለም፤ ጤና የስምምነት ስም ነው።

ይህን ስምምነት በምርመራ መንገድ ከገለጡት ሊቃውንት ዋነኛው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር (1813–1878) ነው። እርሱም ጕበት ስኳርን እያከማቸ በጊዜው ወደ ደም እንደሚለቅ አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ፥ የአካላችን ሕዋሳት በቀጥታ የሚኖሩት በውጭው አየር ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ በሚያጥባቸው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ሆነ፥ አካልም ይህን የውስጥ አካባቢ ሳይለዋወጥ ለመጠበቅ ዘወትር እንደሚደክም አስተማረ። በአሜሪካ በሐርቫርድ ያስተምር የነበረው ዋልተር ካነን ደግሞ በ1926 ለዚህ ጥበቃ ሆሜዎስታሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በ1932ም «የአካል ጥበብ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ።

የዚህን ጥበቃ አሠራር ለመረዳት ከተቀመጠበት የሚነሣን ሰው መመልከት ይበቃል። ሰውዬው ብድግ ሲል ደሙ በክብደቱ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ወደ ራሱ የሚወጣውም ይቀንሳል። በዚያው ቅጽበት በአንገቱ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ ጠባቂዎች የደሙ ግፊት መቀነሱን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ልብ እንዲፈጥን፥ የደም ሥሮችም እንዲጠብቡ ያዛል። ግፊቱ ሲመለስ ትእዛዙ ይላላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ምንም አልተሰማውም፤ ምናልባት ባርኔጣውን እየፈለገ ነው። እንዲሁም ምግብ በልቶ በደሙ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ይለቃል፤ ስኳሩ ሲያንስ ደግሞ ግሉካጎን የተባለውን ይለቃል፤ ጕበትም ትእዛዙን ተቀብሎ ያከማቸውን ያወጣል።

በ1948 ኖርበርት ዊነር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ይህን የመሰለውን አሠራር መርከብ ከሚነዳ ሰው ሥራ ጋር አስተያየው። መርከበኛው መቅዘፊያውን ያዞራል፤ መርከቡ ምን ያህል እንደ ዞረ አይቶም እንደ ገና ያስተካክላል። የሥራው ውጤት ተመልሶ ሥራውን ይገዛዋል ማለት ነው። በ1968ም የኦስትሪያው ተወላጅ ሉድቪግ ፎን ቤርታላንፊ ብዙ ክፍሎች ተሳስረው የሚኖሩባቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ አጠቃላይ ትምህርት ሊመረመሩ እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥናት እየሰፋ ሄዶ ዛሬ የውስብስብ ሥርዓት ትምህርት ይባላል።

ይህ ትምህርት ስለ አካላችን ከሚነግረን ብዙ ነገር ሦስቱ ለጥያቄያችን ያስፈልጉናል።

አንደኛ፤ በሙሉው የሚገኝ ኀይል በክፍሎቹ ለየብቻቸው አይገኝም። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ይህን ነው። አንዱን ክር ብቻ ይዞ ቢመረምሩት አንበሳ የማሰር ኀይል አይገኝበትም፤ ኀይሉ ያለው በማበሩ ነውና።

ሁለተኛ፤ የምክንያቱ ልክና የውጤቱ ልክ ሁልጊዜ አይመጣጠኑም። ታላቅ ግፊት ቢመጣበት አካል ተቋቁሞት ምንም ሳይሆን ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነገር ሲጨመርበት ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ጥቂት መድኃኒት ጥቂት ጠቀመ ብሎ ብዙው ብዙ ይጠቅማል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፤ አካል ለሚደረግበት ነገር መልስ ይሰጣል። ድንጋይ ቢገፉት ይንከባለላል እንጂ አይመክርም፤ አካል ግን ሲገፋ ይገፋል፥ ሲከለክሉት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሐኪሙም መድኃኒት በሰጠ ጊዜ ከውጭ የሚመለከት ዳኛ መሆኑ ይቀርና እርሱ ራሱ ከጉባኤው እንደ አንዱ ይሆናል።

እነዚህን ሦስቱን ያላሰበ ሰው የአካልን ምልክት በተሳሳተ መንገድ ሊያነብ ይችላል። ምሳሌውም ይህ ነው። ብዙ ሰው ጤነኛ ልብ እንደ ጥሩ ሰዓት በእኩል ልክ የሚመታ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጤነኛ ልብ እስትንፋስ ሲገባ ይፈጥናል፥ ሲወጣ ይዘገያል፤ በአንዱ ምትና በተከታዩ መካከል ያለው ጊዜም ዘወትር ጥቂት ጥቂት ይለዋወጣል። በ1987 በታተመ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም አግኝቷቸው የተረፉ 808 ሰዎች ሲመረመሩ፥ የልባቸው ምት መለዋወጥ እጅግ ያነሰባቸው ሰዎች ብዙ ከሚለዋወጥላቸው ይልቅ በሞት አደጋ ከአምስት እጥፍ በላይ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። ነፍሰ ጡርን የሚያዋልዱ ሐኪሞችም የፅንሱ የልብ ምት መለዋወጡን ትቶ አንድ ዓይነት ሲሆንባቸው ይሠጋሉ። እንግዲህ ሥርዓት የሚመስለው ሁሉ ጤና አይደለም፥ ሁከት የሚመስለውም ሁሉ ደዌ አይደለም። ልብ የሚለዋወጠው ከሳንባና ከአንጎል ጋር ስለሚነጋገር ነው፤ ንግግሩ የተቋረጠበት ልብ ብቻውን ቀርቷል።

ስለ ትኩሳትም እንደዚሁ ነው። ትኩሳት ለዐይን ጠላት ይመስላል። ነገር ግን በ1975 በታተመ ምርመራ በምድረ በዳ የሚኖሩ እንሽላሊቶች ተሐዋስያን ከተሰጧቸው በኋላ፥ በሞቀ ስፍራ የተቀመጡት በቀዘቀዘ ስፍራ ከተቀመጡት ይልቅ ብዙዎቹ ተረፉ። እንሽላሊት እንደ ሰው ከውስጡ ሙቀት አያፈልቅምና፥ በታመመ ጊዜ ወደሚሞቅ ስፍራ ሄዶ ትኩሳቱን ይፈልጋል። ይህን ስንል ትኩሳት ሁሉ ይተው ማለታችን አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ትኩሳት እንደሚጐዳ የታወቀ ነው። የምንለው፥ ከጠላት ጋር የሚዋጋውን ወታደር ስለ ጮኸ ብቻ ጠላት ነው ብሎ መምታት ከጥበብ እንደማይቈጠር ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው የማወቅን ነገር ነው። አሁን ወደ ግብረ ገቡ እንምጣ፤ በዚህ መንገድ የተከፈለው ዋጋ የሰው ነፍስ ነውና።

ድንገተኛ የልብ ሕመም ካገኛቸው በኋላ ልባቸው ያለ ቦታው ተጨማሪ ምት የሚመታባቸው ሰዎች፥ ከሌሎቹ ይልቅ በድንገት የመሞት አደጋ እንደሚበዛባቸው ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ይህን የተዛባ ምት የሚያጠፉ መድኃኒቶችም ተገኙ። ከዚህ የተነሣ አሳባቸው እንዲህ ሆነ፤ የተዛባው ምት የሞት መልእክተኛ ነው፤ መድኃኒቱ የተዛባውን ምት ያጠፋል፤ እንግዲያስ መድኃኒቱ ሞትን ይከለክላል። ይህ አሳብ ለአእምሮ የቀና ነው፤ በዚህም መሠረት መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ይሰጥ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ በፈተና እንዲታይ ተወሰነ። መድኃኒቱ የተዛባውን ምት በእርግጥ እንዳጠፋላቸው አስቀድሞ የታየላቸው 1498 በሽተኞች በዕጣ ተከፈሉ። 755ቱ ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ የተባለውን መድኃኒት ተቀበሉ፤ 743ቱ መልኩ መድኃኒት የሚመስል ኀይል ግን የሌለው ክኒን ተቀበሉ። በ1991 በታተመው ውጤት፥ በአማካይ ዐሥር ወር ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 63 ሰዎች፥ ካልወሰዱት ግን 26 ሰዎች ሞተው ተገኙ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቈም ብለህ አስብ። መድኃኒቱ የታዘዘበትን ሥራ አልበደለም፤ ምቱን አጥፋ ተባለ፥ አጠፋ። ሐኪሞቹም ክፋት አላሰቡም። ስሕተቱ የነበረው ምልክትን ከምክንያት ጋር፥ ክፍልን ከሙሉው ጋር አንድ አድርጎ በመቍጠር ነው። መልእክተኛውን ያሰናበተ ሰው መልእክቱን የሻረ መሰለው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። በኡጋንዳ፥ በኬንያና በታንዛንያ ከባድ ትኩሳት ይዟቸው ደማቸው በሚገባ የማይዘዋወርላቸው ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ላለ ሕፃን በደም ሥሩ ፈጥኖ ብዙ ፈሳሽ መስጠት በብዙ አገር የተመሰገነ ሕክምና ነበር። ተመራማሪዎች ይህን በፈተና አዩት፤ ተቅማጥ ያጠቃቸውን ሕፃናት ግን ፈሳሽ በእርግጥ ያሻቸዋልና ከፈተናው ለዩአቸው። ሕፃናቱ ሁሉ መድኃኒትና ለዕለቱ የሚያሻቸውን ፈሳሽ አገኙ፤ ልዩነቱ ብዙው ፈሳሽ በፍጥነት መሰጠቱና አለመሰጠቱ ነበር። በ2011 እንደ ታተመው፥ ፈሳሹ ፈጥኖ ከተሰጣቸው 2097 ሕፃናት መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ 221 ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 1044 መካከል ግን 76 ሞቱ። ይኸውም በፊተኞቹ ከመቶ ዐሥር ተኩል፥ በኋለኞቹ ከመቶ ሰባት ያህል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ምልክቱ የተሻሻለው ፈሳሹን በተቀበሉት ወገን ይበልጥ ነበር። የእጅ መሞቅና የደም መመለስ ታየ፤ ሞቱ ግን ከዚያ በኋላ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል። «በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ መድኃኒት ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ጭካኔ አይደለምን? የሚሞትን ሕፃን ይዞ ምርምር ማድረግስ ለሰው ይገባልን?» ይህ ተቃውሞ ከርኅራኄ የመጣ ነውና አይናቅም። መልሱ ግን ከላይ በተጻፈው ቍጥር ውስጥ አለ። የተከለከሉት የተረፉት ሆኑ። መልካም የመሰለውን ነገር ሳይፈትን ለሁሉ የሚሰጥ ሰው እርሱም ይመራመራል፤ ነገር ግን ውጤቱን የማይመዘግብ፥ ስሕተቱንም የማያገኝ መርማሪ ነው። እንግዲህ ጥያቄው መፈተን ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ ዐይንን ገልጦ በመፈተንና ዐይንን ጨፍኖ በመፈተን መካከል መምረጥ ነው። እርግጥ ነው፥ ዐይንን ገልጦ መፈተንም ሕግ አለው። በሽተኛው ወይም ወላጁ ነገሩን ተረድቶ ሊፈቅድ ይገባል፤ የሚታወቀው እርዳታም ሊነፈገው አይገባም፤ ጕዳቱ በታየ ጊዜም ፈተናው ወዲያው ሊቆም ያሻል። ሁለቱም ጥናቶች ካሰቡት ቀን አስቀድሞ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ሰው ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይስት ይሆናል። «አካል ይህን ያህል ረቂቅና የተሳሰረ ከሆነ ሐኪም እጁን ባይነካው ይሻላል፤ ሁሉን ለባሕርዩ እንተወው» የሚል አለ። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የስንፍና መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። በጥር 1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በስኳር በሽታ ሊሞት የቀረበ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተሰጠው፤ ልጁም እስከ 1935 ድረስ ኖረ። የጐደለው ነገር አንድ በሆነ ጊዜ አንዱን መስጠት ጥበብም ምሕረትም ነው።

እንዲያውም የአካልን መተሳሰር ማወቅ ሕክምናን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያቀል ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። አንጀት ጨውን ከስኳር ጋር ባንድነት እንደሚቀበል ሊቃውንት መረመሩ፤ ሁለቱ ሲተባበሩ ውሃም ይከተላቸዋል። በኮሌራ ጊዜ አንጀቱ ውሃን ሲያፈስስ እንኳ ይህ በር ክፍት ሆኖ ይቈያል። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ጠረፍ በቦንጋዎን ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው፤ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ አለቀ። ያን ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ስኳርና ጨው የተቀላቀለበትን ውሃ በአፋቸው እንዲጠጡ አደረገ። ከመቶ ሠላሳ ያህል ደርሶ የነበረው ሞት እርሱ በሚያክምበት ስፍራ ከመቶ አራት በታች ወረደ። የሚያጠጧቸውም ብዙዎቹ የገዛ ዘመዶቻቸው ነበሩ። እነሆ፥ ሙሉውን መረዳት የታላላቅ መሣሪያ ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ ክፍሎች በምን እንደሚተባበሩ ያወቀ ሰው በአንድ ማሰሮ ውሃ ነፍስ ያድናል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ውሳኔ እንግዲህ ምንድር ነው? ከፊሉን የሚያውቅ ሰው ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ ግን የጌታ ሳይሆን የመርከበኛው ነው። መርከበኛ ባሕሩን አልሠራውም፥ ማዕበሉንም አያዝዘውም፤ ቢሆንም ተኝቶ አይሄድም። ጥቂት ያዞራል፥ ምን እንደ ሆነ ይመለከታል፥ እንደ ገና ያስተካክላል። ሐኪምም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ካዘዘ በኋላ ተመልሶ የማይጠይቅ ሐኪም መቅዘፊያውን አስሮ የተኛ መርከበኛን ይመስላል። የሚጠይቀውም ስለ ቍጥሩ ብቻ መሆን የለበትም፤ ስኳሩ ስንት ሆነ? ግፊቱ ስንት ሆነ? ካለ በኋላ፥ ሰውዬውስ እንዴት ሆነ? ማለት ይገባዋል። በተለይ አንድ ሽማግሌ ለልቡ አንድ፥ ለኩላሊቱ አንድ፥ ለመገጣጠሚያው ሌላ ሐኪም ኖሮት ከእያንዳንዱ መድኃኒት ሲቀበል፥ እያንዳንዱ ሐኪም በፈንታው ትክክል ሆኖ ሳለ መድኃኒቶቹ በሽማግሌው ሆድ ውስጥ ሊጣሉ ይችላሉ። ሁሉን ባንድነት የሚመለከት አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለካህናትም ሩቅ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ምእመን በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቈይ፥ በፍስክ ቀን ያዳነው ያው መጠን በጾም ቀን ስኳሩን እጅግ አውርዶ ሊጥለው ይችላል። ሐኪሙ ጾሙን ካልጠየቀ፥ የንስሐ አባቱም መድኃኒቱን ካልጠየቀ፥ ሁለቱ ደጋጎች በመካከላቸው አንድ ሰው ሊጐዱ ነው። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቃለል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያውቃል፤ ብዙ ሕመምተኛ ግን ስለሚያፍር ራሱ አይጠይቅም። ስለዚህ የሚጠይቀው አባቱ ይሁን፤ ወደ ሐኪሙም ይላከው፤ ሐኪሙም ልማዱን ሳይንቅ መጠኑን ከልማዱ ጋር ያስማማለት። የሰው አካል ከቆዳው ጋር አያልቅም፤ ማዕዱና ልማዱ፥ ዘመዱና እምነቱም በጤናው ውስጥ ይገባሉ።

ማንም ሰው፥ ሐኪም ቢሆን፥ መምህር ቢሆን፥ ዳኛም ቢሆን፥ ከተሳሰረ ነገር አንዱን ክር ለመሳብ እጁን ሲዘረጋ፥ ሌላው ክር ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከሳበ በኋላም ዐይኑን አያንሣ። ይህን የሚያደርግ ሰው ምንም እንኳ ሁሉን ባያውቅ፥ ያላወቀው ነገር ሌላውን እንዳይገድልበት የሚቻለውን አድርጓል።